በግራው ሳጥን ያረፈ ማኅተም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የቶኩጂ ሆሶካይን ቅጽል ስም ግን ያወጣው መምህር ኡሳሚ ነው። ከወጣለትም ሠላሳ አንድ ዓመት አልፎታል።

በዚያ ዘመን ቶኩጂ ተራራ ላይ ያለችው የኦኩማታ መንደር የበረዶ መጥረጊያ መኪና ሹፌር ነበር። ዘጠነኛ ክፍልን እንደጨረሰ ደብተሩን ጥሎ መሪ የጨበጠ ሰው ነው። አንድ ጠዋት መኪናው ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመበትና፣ አላፊ አግዳሚው በሌላ በኩል እንዲዞር ብሎ፣ በጣውላ ላይ «በረዶ በመጥረግ ላይ ነን» የሚል ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ጻፈ። ጻፈ ለማለት ነው እንጂ ተሳሳተ። በአገሩ ጽሕፈት አንድ ፊደል ራሱን የቻለ ቃል ነው፤ «መጥረግ» የሚለው ፊደልና «ቀስ» የሚለው ፊደል ደግሞ መንትዮች ናቸው። ሲነበቡ ድምፃቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው በግራ ጎናቸው ያለው ጭረት ብቻ ነው። ቶኩጂ የግራውን ጭረት ሳተ። መምህር ኡሳሚም ተማሪዎቻቸውን ሁሉ መንገድ ዳር አሰልፈው በኅብረት አስነበቡ፦ «በረዶ ቀስ በማለት ላይ ነው!» ልጆቹ ሳቁ። ማታ ወላጆቻቸው ሳቁ። ከዚያን ቀን ወዲያ «ቀስ በረዶ መጣ»፣ «ቀስ በረዶ አለፈ» ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት መኪናውን ነዳ። ሰው ከእንቅልፉ ሳይነሳ መንገዱን ጠርጎ ይጨርስ ነበር፤ በእሱ ጥፋት የጠዋት አውቶቡስ ያመለጠው አንድ ሰው አልነበረም። ማንም ግን «ፈጣን በረዶ» ብሎ አልጠራውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፣ ቶኩጂ በዚያ ቀን ከተሰለፉት ልጆች ፊት ለፊት የቆሙትን አምስቱን እስከ ዛሬ በስም ይቆጥራቸዋል። ሰው ባለበት ቦታ ማንበብና መጻፍ ያቆመውም ያን ጊዜ ነው።

በመንደሩ የዙር ሰሌዳ የሚባል ነገር አለ። ወረቀት የተሰካበት ጠንካራ ካርቶን ነው፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። የስብሰባ ቀን፣ የቆሻሻ መጣያ ቀን፣ የቀብር ቀን ይጻፍበታል። አንብበህ፣ ከስምህ ጎን በተሰመረው ሳጥን፣ በፊርማ ፈንታ፣ የስም ማኅተምህን መትተህ፣ ለጎረቤት ታቀብላለህ። ቶኩጂ ሰሌዳው ሲደርሰው የወረቀቱን ጥግ ገለጥ አድርጎ ማኅተሙን ይመታና፣ ቀለሙ ሳይደርቅ ወስዶ የጎረቤቱ የፉሚ በር ላይ ያቆመዋል። አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

በኅዳር መጨረሻ የመጣው ወረቀት ግን እንደ ወትሮው አልነበረም። ድሮ አንድ ሳጥን ነበረው፤ በግራ በኩል። አሁን ሁለት ሆኗል፤ በቀኝ «አንብቤያለሁ»፣ በግራ «አግዛለሁ»። የቶኩጂ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ሄደ።

በማግስቱ ፉሚ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ከዜና ማሰራጫ የፈጠነች ሴት ናት።

«ጋሼ ቶኩጂ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው?»

«ደመና ነው፤ አላየኋትም።»

«ተው እንጂ! እማማ ቶኪን ልትጠርግላት ነዋ! ማኅተምህ ቁጭ ብሎ ሳየው ዓይኔን ነው ያሸሁት። ከመንደሩ ሰው ሁሉ አንተ?»

ቶኩጂ ምን እንደምትል አልገባውም። የገባው መስሎ ራሱን እየነቀነቀ ነገሩን ከአፏ ቀስ በቀስ አወጣው። የከተማው ጽሕፈት ቤት ዘንድሮ ደንብ አውጥቷል። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆነው ብቻውን የሚኖር ሰው፣ የበረዶውን ወራት ተራራው ላይ የሚከርመው ከበሩ እስከ መንገዱ ያለውን የሚጠርግለት ጎረቤት ማኅተም ከመታለት ብቻ ነው። የሚመታለት ካጣ ታች ከተማ ወዳለው መጦሪያ ይወርዳል። በኦኩማታ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የሰማንያ ስምንት ዓመቷ እማማ ቶኪ። ወረቀቱ አሥራ አንድ ቤት ዞሮ የግራው ሳጥን ባዶውን ነበር የመጣው።

«ባትመታላት ኖሮ አልቆላት ነበር» አለች ፉሚ። «መቼም የወረደ አይመለስም።»

እውነቷን ነው። ባለፉት ዓመታት በገዛ ፈቃዳቸው የወረዱ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሦስቱም የተመለሱት ሬሳቸው ተቃጥሎ፣ አመድ ሆነው ነው።

ፉሚ ስትወጣ ቶኩጂ ኮቱን አነሳ፤ ሄዶ ሊያሳርም። የማኅተም ስህተት የሚታረምበት መንገድ አለው። በማስመሪያ ሁለት መስመር ይሰመርበታል፣ በመስመሩ ላይ ያው ማኅተም ደግሞ ይመታበታል። መስመሩን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያየዋል። ያየም ይጠይቃል። መልሱ አንድ ነው፦ ቀስ በረዶ ሳያነብ ነው የመታው፤ ዛሬም ማንበብ አልለመደም። ቶኩጂ አንድ ክረምት ሙሉ አካፋ መያዝንና ሌላ ሠላሳ ዓመት መሳቂያ መሆንን አመዛዘነ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ ኮቱን መልሶ ሰቀለው።

ግን ለራሱ ደንብ አወጣ። ከበር እስከ መንገድ አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ አሥራ አራት እርምጃ ይጠርጋል። ስፋቱ የአንድ አካፋ። ከአሮጊቷ ጋር አንድ ቃል አይለዋወጥም። ከእሷ ጋር የተለየ ጠብ የለውም፤ ፍቅርም የለውም። ያኔ ያልሳቀ ማን ነበርና?

በረዶው በታኅሣሥ ገባ። በመጀመሪያው ጠዋት ቶኩጂ ስድስተኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ መስኮት ተንሸራተተ።

«ማነው?»

«ሆሶካይ።»

«የትኛው ሆሶካይ?»

«ቶኩጂ።»

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ምን የምሠራ እመስላለሁ?»

«የመቃብሬን ልክ የምትወስድ ነው የምትመስለው። ይሄ መንገድ ነው የአይጥ ጉድጓድ? በጎኔ ልውጣበት?»

«ወረቀቱ ስፋቱን አልጻፈም።»

«ወረቀቱ እኔን መች አይቶኝ ያውቃል» አለችና መስኮቱን ዘጋችው።

ቶኩጂ ተሳድቦ ጨረሰ። በማግስቱም ተሳድቦ ጠረገ። በሦስተኛው ቀን የመስኮቱ ደፍ ላይ በጭስ ደርቆ በጨው የተቀበረ ፍጅል፣ ተቆራርጦ በሳህን ተቀምጧል።

«አልፈልግም» አለ ወደ መስኮቱ።

«ማን ላንተ አለ? ለውሻህ ውሰድለት።»

«ውሻ የለኝም።»

«እንግዲያው አንተው ጩህና ብላው።»

ሳህኑን ጥሎት ቢሄድ በረዶ ይቀብረዋል፤ የተቀበረ ሳህን መፈለግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በዚህ ምክንያት ወሰደው። በትኩስ ሩዝ በላው። ጨው በዝቶበታል አለ፤ ሳህኑ ላይ ግን ምንም አልተረፈም።

በሁለተኛው ሳምንት መንገዱ የሁለት አካፋ ስፋት ሆነ። አሮጊቷ ስላለች አይደለም፤ ጠባብ መንገድ ቶሎ ይደፈናል፤ ይህን ደግሞ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። የሥራ ጉዳይ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። በሦስተኛው ሳምንት የጠረገውን በረዶ የሚጥልበት ቦታ ፍለጋ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረ። የእማማ ቶኪ ማሞቂያ በነጭ ጋዝ ነው የሚሠራው፤ የጭሱ መውጫ ቱቦ በጀርባው ግድግዳ በጉልበት ከፍታ ይወጣል። ቱቦው አፉ ድረስ ተቀብሮ የአንድ ጣት ቀዳዳ ቀርቶታል። ያቺ ቀዳዳ ብትደፈን ጭሱ ወደ ቤት ይመለስ ነበር፤ አሮጊቷም እንደተኛች ትቀር ነበር። ቶኩጂ አካፋው ቱቦውን እንዳይመታው ብሎ በእጁ ዛቀለት። ከዚያ ጓንቱን አራገፈ። ለአሮጊቷ አልነገራትም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቤቱን ይዞራል። ወረቀቱ ስለ ቱቦ የሚለው ነገር የለም። «በሩን ጠርጎ ቱቦውን ትቶት ሄደ ቢባልስ?» ብሎ አሰበ። ስለ ቱቦው ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ግን አላሰበም።

ሰው ከሥራው በኋላ ምክንያት ይሰፋለታል፤ ምክንያቱ ሲበዛ ደግሞ ልብስ ይሆንና ይለብሰዋል። ቶኩጂ ይህን አያውቅም፤ ቢነግሩትም ይሳደብ ነበር።

ጥር ሲጋመስ የፉሚ ባል ወገቡን ተያዘ። ፉሚ መጣች፤ በዚህ ጊዜ አንኳኩታ ነው የገባችው።

«ጋሼ ቶኩጂ፣ ጣሪያችን ከነበረዶው ሊጫነን ነው። ማንን ልጠይቅ ብዬ ሳስብ… ለእማማ ቶኪ እንኳ እንዲህ የምትለፋ ሰው ለኛ እምቢ አይልም ብዬ ነው።»

ቶኩጂ «እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም» ሊል አፉን ከፈተ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ችግር ሲወጣ የኖረ ንግግር ነው፤ አሁን ግን ማስረጃ ጎደለው። በሌላ በኩል አርባ ጠዋት ተቆልሏል።

«መሰላል አላችሁ?» አለ።

«የባሌ ወንድም ጋ አለ።»

«መሰላል የሌለው ቤት፣ ወገብ የሌለው ወንድ። ሂጂና አስመጪ።»

የጣሪያውን በረዶ አወረደላቸው። ባልየውን በመስኮት እያየ ሰደበው፤ ባልየውም ተኝቶ አመሰገነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእማማ ቶኪን ነጭ ጋዝም እሱ ነው የሚቀበልላት። ጋዝ አምጪው መኪና ታች መንገድ ላይ ይቆማል፣ ቶኩጂ ማኅተሙን መትቶ ይረከብና ተሸክሞ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ማኅተሙ ከኪሱ አይለይም ነበር። በየቀኑ በረዶውን ይሳደባል፣ ጽሕፈት ቤቱን ይሳደባል፣ አሮጊቷንም ይሳደባል። ስድቡም አልቀረም፤ አካፋውም አልቆመም።

በጥር መጨረሻ በረዶው ሦስት ቀን ሳያባራ ጣለ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት ትንሽ መኪና ከመንገዱ ዳር ቆመች። መምህር ኡሳሚ ወረዱ። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የመንደሩ ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። ቶኩጂ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እየጠረገ ነበር።

«ቶኩጂ፣ ግባ እስቲ። ላንተው ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

እማማ ቶኪና ፉሚ ውስጥ ሻይ እየጠጡ ነበር። መምህር ኡሳሚ ጫማቸውን አውልቀው፣ በደንብ ተቀምጠው፣ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ያን የኅዳሩን ወረቀት አወጡ። በቶኩጂ ማኅተም ላይ በማስመሪያ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ተሰምረዋል።

«ነፃ ላወጣህ ነው» አሉት።

«ማን አሰረኝ?»

«አትቆጣ። ጽሕፈት ቤቱ ለየካቲት ማረጋገጫ ጠይቋል። ይኸው ተመልከት፣ 'አግዛለሁ' ላይ መትተሃል፣ 'አንብቤያለሁ' ግን ባዶ ነው። በዚህ መንደር ሳያነብ የሚመታ አንድ ሰው ነው ያለው። እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቄው ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«መቼ እንደምትተወው ልይ ብዬ።» ክፋት አልነበረባቸውም፤ የተሳሳተ ሒሳብ የሚሠራ ልጅን ከጀርባው ቆሞ የሚያይ አስተማሪ ዓይነት ነበር አነጋገራቸው። «እስከ ዛሬ ገፋህ፤ አላሰብኩትም ነበር። ከእንግዲህ ግን በረዶው ይብሳል። አንተ እንዲህ ያለ ሰው አይደለህም፤ ማንም አይፈርድብህም። መስመሩ ላይ ማኅተምህን ምታና ይታረም። እማማ ቶኪን ሐሙስ መኪና መጥቶ ይወስዳታል። አልጋ ተይዞላታል።»

«አልጋ?» አለች እማማ ቶኪ ማንንም ሳታይ። «እኔ ዕድሜዬን ወለል ላይ ነው የተኛሁት። ከአልጋ እወድቃለሁ።»

«መከላከያ ብረት አለው፣ እማማ።»

«እንደ በግ?»

ማንቆርቆሪያውን ልትሞላ ይዛ ተነሳች። ፉሚ ተቀበለቻት።

በቶኩጂ ጆሮ ውስጥ የቀረው ሌላ ነገር ነው። «አንተ እንዲህ ያለ ሰው አይደለህም» የሚለው። በኅዳር ቢሆን ይህን ራሱ ይለው ነበር፤ ደስ ብሎትም ይለው ነበር። አሁን በሌላ ሰው ስም እንደተጠራ ያህል አናደደው። ያን የድሮውን ሰው በውስጡ ፈለገ፤ የሚከራከርለት ቢያገኝ። ያገኘው የሚያመው ትከሻና የጠነከረ መዳፍ ብቻ ነው።

«ማኅተምህን ይዘሃል?» አሉ መምህሩ።

«ይዣለሁ።» አውጥቶ እስትንፋሱን እፍ አለበት። «ባልመታስ?»

«ባትመታማ…» መምህር ኡሳሚ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ባትመታ ደንብ አለ። 'አንብቤያለሁ' ባዶ ሆኖ 'አግዛለሁ' አይጸናም። እኔ ፊት አንብበህ በቀኙ ሳጥን መምታት ይኖርብሃል።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከፈለግህ እኔ ላንብብልህ።»

ዕድሜውን ሙሉ የጠረገው በረዶ ሁሉ ተጠራቅሞ ቢጫን ከዚህ አይከብድም።

«አነባለሁ» አለ ቶኩጂ።

ወረቀቱን ወለሉ ላይ ዘርግቶ ጣቱን አስቀደመ። «ለ… ኦኩማታ… ነዋሪዎች በሙሉ።» ፉሚ የሻይ ስኒዋን ታያለች። መምህሩ ከንፈራቸው ከቶኩጂ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል፤ የቆየ ልማድ ነው፣ አይታወቃቸውም። ሁለተኛው መስመር ላይ ተደናቀፈ፣ ተመልሶ ጀመረ። ሦስተኛው ላይ ላብ አጠመቀው። አራተኛው ላይ «በረዶ» ብሎ ቆመ።

ከመንትዮቹ አንዱ ነበር። ጣቱ በግራው ጭረት ላይ አርፏል። ሠላሳ አንድ ዓመት ይህን ፊደል በዓይኑ አልነካውም፤ በየመንገዱ ምልክት ላይ ሲያየው ፊቱን ያዞር ነበር። ማሞቂያው ሲንሾካሾክ ይሰማል።

«ቀስ በል ልጄ» አለች እማማ ቶኪ። «በረዶው የትም አይሄድ።»

ፉሚ ፍርፍር ብላ ሳቀችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እማማ ቶኪ ምን እንዳሳቃት ጠየቀቻት። እውነት አላወቀች ይሆናል፤ አውቃም ይሆናል።

«መጥረግ» አለ ቶኩጂ። ቀና ብሎ መምህሩን አያቸው። «'መጥረግ' ነው የሚለው። 'ቀስ' አይልም።»

«ትክክል ነው» አሉ መምህር ኡሳሚ። ለተማሪ እንደሚባለው ነው ያሉት።

የቀረውን ሳይቆም ባይሆንም ሳይመለስ አነበበው፤ «በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ» እስከሚለው። ከዚያ በቀኙ ሳጥን ማኅተሙን መታ፤ እስኪደርቅም ጠበቀ።

«ይሄ መስመርዎስ?»

«ማኅተም ካላረፈበት ቀለም ብቻ ነው» አሉ መምህሩ። ወረቀቱ መበላሸቱ ከንክኗቸዋል። «ሐሙስ መኪና እንዳይመጣ እደውላለሁ።»

እማማ ቶኪ ለቶኩጂ ሻይ ቀዳችለት፤ ስኒው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ሳይጠጣው ተነስቶ ወጣ።

ውጪ፣ የመንገድ መጥረጊያው መኪና አልፎ ኖሮ፣ የገፋውን በረዶ የመምህሩ መኪና ጎማ ድረስ ቆልሎበታል። መምህር ኡሳሚ ከመኪናቸው አንዲት የፕላስቲክ አካፋ አውጥተው መቆፈር ጀመሩ። ሰባ ስድስት ዓመት በአካፋ ሲታይ ብዙ ነው። ሁለት ዝቀው ጎናቸውን ያዙ።

ቶኩጂ ቆሞ ተመለከታቸው። ይህን የመሰለ ቀን አስቦ ያውቃል፤ መምህሩ በረዶ ውስጥ፣ እሱ ቆሞ። በሐሳቡ ሁልጊዜ የሚናገረው ረጅም ንግግር ነበረው። አሁን የንግግሩን መጀመሪያ እየፈለገ ሳለ አካፋው ጎማው ሥር ገብቶ አገኘው።

«ተባረክ» አሉ መምህሩ እያለከለኩ። ከዚያም ፈገግ አሉ። «ቅድም ፉሚ የሳቀችው… ያ የቅጽል ስምህ ነገር ነው አይደል? ለመሆኑ ማን ነው ያወጣልህ? ከተማሪዎቼ አንዱ ይመስለኛል።»

ቶኩጂ ቀና አለ። በፊታቸው ላይ ተንኮል ፈለገ፤ አላገኘም። ጨርሶ ረስተውታል።

«ከልጆቹ አንዱ ይሆናል» አለ።

«ልጆች መቼም አያዝኑም።»

«አያዝኑም። ይግቡና ያስነሱት። መሪውን ወደ ግራ። ወደ ግራ እንጂ! ግራዎን አያውቁም እንዴ?»

መኪናዋ ተንሸራትታ፣ ተሸከርክራ፣ ወጣች። ቶኩጂ መንገዱ ጥግ እስክትሰወር በሚችለው ስድብ ሁሉ ሸኛት፤ ድምፁን ግን አላወጣም። ይቅር አላለም፤ ዛሬም አላለም።

ከኋላው መስኮት ተንሸራተተ።

«ቶኩጂ! ሻይህ ቀዘቀዘ። ደሞ ለሱ መኪና አስፍተህ ለኔ መንገዱን አጠበብከው።»

«አልጠበበም!»

«በጎኔ ልውጣበት?»

«ይውጡበት!» አለና አካፋውን ይዞ ቱቦውን ሊያይ ወደ ቤቱ ጀርባ ዞረ።